ውሃ ሰማያዊና ውሃ አረንጓዴ

ቀለማትን «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ብሎ በሁለት ጎራ መክፈል ለአማርኛችን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። የቀድሞ ሰዎች ለፈረስ መልክ ብቻ ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ሐመር፣ ቦራ እያሉ እያንዳንዱን ልዩነት በጥንቃቄ ይሰይሙ ነበር እንጂ አንዱ መልክ ይሞቃል፣ ሌላው ይበርዳል ብለው አልተጨነቁም። «ሞቅ ያለ ቀለም» የሚለው አነጋገራችን እንኳ ስለ ድምቀት እንጂ ስለ ሙቀት አይናገርም። ክፍፍሉ በሥዕል ትምህርት በኩል የገባ የአውሮፓ ንብረት ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1810 ባሳተመው የቀለም ጥናቱ ብጫን ከሙቀት፣ ሰማያዊን ከብርድ ጋር አቆራኝቶ መጻፉ ለሐሳቡ መስፋፋት ብዙ ረድቷል። ጎተ ይህን የጻፈው ግን ክረምቱ በረዶ በሚያወርድበት አገር ተቀምጦ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የእኛዎቹ ሁለት ስሞች ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። «ሰማያዊ» በግዕዙ መጀመሪያ የቀለም ስም አልነበረም፤ የሰማይ የሆነ፣ ከሰማይ የመጣ ማለት ነበርና ከቀለምነት ይልቅ ለአድራሻነት ይቀርባል። አረንጓዴንም ባለቅኔዎቻችን «ሐመልማል» ሲሉት ለምለሙን ቅጠል፣ ለምለሙን ሣር እያሰቡ ነው። እንግዲህ አንዱ ስም ከሰማይ፣ ሌላው ከመስክ ተወስዷል። ሁለቱም የደጋ ሰው በመስከረም ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያያቸው፣ አይቶም የሚደሰትባቸው ነገሮች ናቸው። ቆላ ወርዶ፣ አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር ምድር ሲዘለቅ ግን ሰማዩም ቅጠሉም ጠባያቸውን ይለውጣሉ።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ እንዳስብ ያስገደደኝ በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚገኘው የእናቴ መኝታ ክፍል ነው። በክፍሉ አንደኛው ግድግዳ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆኑ ሁለት የናሙና ቅቦች ጎን ለጎን አሉ። ግራው ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ቀኙ ውሃ አረንጓዴ። ከተቀቡ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ቀለም ቀቢው በየጠዋቱ እየመጣ «ጋሼ፣ ወሰኑ?» ይለኛል፤ እኔም በየጠዋቱ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ፣ ወንዙ ቆርሶ ካወጣው ጥልቅ ገደል አጠገብ የተቀመጠች የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ይህች ከተማ የመንገደኛ ማረፊያና የባቡር ሠራተኛ መንደር ሆና ቆይታለች። ከጣቢያው አጠገብ ያለው አሮጌው ቡፌ፣ በረንዳውና አበባው፣ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችንም ከጣቢያው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አሮጌው ባቡር ዛሬ የለም። አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ሲጀምር በሌላ ሐዲድና በሌላ ጣቢያ በኩል ነው። እናቴ ግን ከቤቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ምድር እስኪያንቀሳቅሳት ድረስ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድሪቱ መንቀጥቀጥ መጀመሯን አንባቢ ያስታውሳል። የሥነ ምድር ምሁራን እንዳስረዱት፣ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች እንደ ሽብልቅ እየሰነጠቀ በመግባቱ ነው። ስምጥ ሸለቆው ሥራውን መሥራቱ ነበር። ይሁንና ሥራው ከእኛ ቤት በታች ሲሆን ነገሩ ከትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የተለየ ይሆናል። በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ገደማ የተለካ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ሰው ከፎቅ እየወረደ ሜዳ ላይ ቆመ። እናቴን እህቴ አስቀድማ ወደ አዳማ ወስዳት ስለነበር ሰው አልተጎዳብንም። የመኝታ ክፍሉ ምሥራቃዊ ግድግዳ ግን ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ሰያፍ ተሰነጠቀ።

እናቴ ስምንት ወር አዳማ ከተቀመጠች በኋላ እመለሳለሁ አለች። ልጆቿ ተሰብስበን የተከራከርነውን ክርክር እዚህ አልደግመውም። በአጭሩ እኛ ተሸነፍን። አንድ የታወቀ ግንበኛ መጥቶ ስንጥቁን ፈልፍሎ፣ ብረት አስገብቶ፣ በሲሚንቶ ሞልቶ ለሰነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። «ብቻ» የምትለውን ቃል የተናገርኳት እኔ ነበርኩ።

ልስኑ ከመሠራቱ በፊት ስንጥቁ ያሳየኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ግድግዳው ተሰብሮ ባፈገፈገበት ጠርዝ ላይ የቀለሙ ንብብር ልክ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተነባብሮ ይታይ ነበር። ከሁሉ በታች ያለው ነጭ ኖራ ነው። ከእርሱ በላይ ፈዛዛ ሰማያዊ፤ እናቴ በሙሽርነቷ ዘመን ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ከኖራው ጋር በጥብጣ የቀባችው ነው። ያ ዱቄት የዋዛ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ሰው ሠራሹ ሰማያዊ እስኪፈለሰፍ ድረስ እንዲህ ያለው ቀለም ከአፍጋኒስታን ተራራ ከሚወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ በወርቅ ዋጋ ይሸጥ የነበረ ነው። ከፋብሪካው በኋላ ወርዶ ወርዶ አንዲት የባቡር ሠራተኛ ሚስት ባልዲ ውስጥ ገባ። ከሰማያዊው በላይ፣ ከወገብ በታች ላለው የግድግዳ ክፍል ብቻ፣ ወፍራም አረንጓዴ የዘይት ቀለም አለ። ይህኛው የመሥሪያ ቤት አረንጓዴ ነው። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ እስከ ወገብ በዘይት ቀለም ይቀባ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ይሆን ነበርና የሠራተኛውም ቤት ያንኑ ወግ ተከተለ። በመጨረሻም ሁሉንም የሸፈነ፣ ፀሐይ ያጨሰው ክሬም። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ያረጀውን ብራና ፍቀው እንደገና ሲጽፉበት የፊተኛው ጽሕፈት ከሥር ብቅ እንደሚል ሁሉ፣ የቤታችንም ታሪክ በአንድ ጣት ውፍረት ውስጥ ተጽፎ አገኘሁት።

እግረ መንገዴን ስለዚያ አሮጌ አረንጓዴ አንድ ነገር ልበል። በቀድሞው ዘመን አረንጓዴ የዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእርሳስ ማዕድን ያለበትን ብጫ ከሰማያዊ ጋር በማደባለቅ ነበር። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ የሚወስን ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ የሚፍቅ ሰው ደረቁን አቧራ ከሚያቦን በውሃ እያራሰ ቢፍቅ፣ ልጆችንም ከቤት ቢያርቅ መልካም ነው። የእኛም ቀለም ቀቢ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን ባልዲውን ሞልቶ መጣ።

ወደ ሁለቱ ናሙናዎች ልመለስ። ቀለም ቀቢው ስለ ሁለቱ ያለውን አስተያየት በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠቃሎታል፦ «ሰማያዊው ቤት ያሰፋል፣ አረንጓዴው ዓይን ያሳርፋል»። ለሙያው የተገባ አነጋገር ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሸርማን የተባለ ቀዶ ጠጋኝ እ.ኤ.አ. በ1914 የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ግድግዳና ወለል አረንጓዴ ያስቀባው፣ ቀይ ደም ሲመለከት የቆየ ዓይን በነጭ ግድግዳ ነጸብራቅ እንዳይታወር፣ ይልቁንም የደሙ ተቃራኒ በሆነ ቀለም ላይ እንዲያርፍ ብሎ ነው። የሐኪሞቹም ልብስ በኋላ ይህንኑ ተከተለ። ሰማያዊ ቤት ያሰፋል የሚለውንም ሠዓሊዎች ያውቁታል፤ ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚታይ ዓይናችን ሰማያዊን ከርቀት ጋር ያዛምዳል። ከቤታችን ደጃፍ ሆኖ ፈንታሌን በጠዋት ያየ ይህን በመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሁለቱ ቀለማት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው። በዘመናችን የግድግዳ ሰማያዊ በብዛት የሚሠራበት ማቅለሚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገበያ ላይ የዋለ፣ ፍታሎሲያኒን የሚባል የመዳብ ውሁድ ነው። በዚያው ውሁድ ላይ ክሎሪን ሲጨመርበት አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የማማርጠው ሁለት ባላንጣዎችን አልነበረም፤ እህትማማቾችን ነው። ሽማግሌ ሆኜ የገባሁበት የቤተ ዘመድ ጠብ ይመስል እንቅልፍ የነሳኝም ለዚህ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ላንሣ። ግንቦትና ሰኔ አዋሽ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሰመራ ደግሞ ከዚህ በግማሽ ዝቅ ባለ ምድር ላይ ስላለች ከ40 በላይ ትቆጥራለች። ታዲያ ቀዝቃዛ የተባለ ቀለም ክፍል ያቀዘቅዛል? ስዊዘርላንዳዊው የቀለም መምህር ዮሐንስ ኢተን እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው መጽሐፉ፣ በሰማያዊ አረንጓዴ በተቀባ ክፍልና በቀይ ብርቱካናማ በተቀባ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች የሚሰማቸው ብርድ በበርካታ ዲግሪ እንደሚለያይ ጽፏል። ይህ አነጋገር በቀለም ሻጮች ዘንድ እንደ ወንጌል ተይዟል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታተመ አንድ የሥነ ልቡና ሙከራ ሌላ ነገር አሳየ። ሰዎቹ በተለያየ ቀለም ብርሃን ውስጥ ሆነው ሙቀቱ ሲጨመርባቸው «በቃኝ» የሚሉበት ነጥብ በቀለሙ ምክንያት አልተለወጠም። ከሙከራው በኋላ ቀለማቱን እንዲመድቡ ሲጠየቁ ግን እነዚያው ሰዎች ሰማያዊና አረንጓዴው ቀዝቃዛ ነበር ብለው መለሱ። ዓይን ያመነውን ላብ አላመነም።

እውነቱን ለመናገር ቤት የሚያቀዘቅዘው የግድግዳ ውስጥ ቀለም አይደለም፤ ጣራው ነው። የቆርቆሮ ጣራ ነጭ ሲቀባ ፀሐይዋን ይመልሳል፤ ከሥሩ ኮርኒስ ሲኖረውና በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ ሲያልፍ ደግሞ ቤቱ ይተነፍሳል። ሰመራ ውስጥ ለሥራ አንድ ሳምንት በተቀመጥኩ ጊዜ የአልጋ ክፍሎች ዋጋ የሚለያየው በማቀዝቀዣ መሣሪያና በጥላ እንጂ በግድግዳ ቀለም አልነበረም። ከሁሉ የላቀውን ትምህርት የሚሰጡት ግን የአፋር ሴቶች ናቸው። እነርሱ የሚሠሩት ዳቦይታ ተለምጦ በተተከለ እንጨት ላይ የዘንባባ ሰሌን ተደርቦበት የሚቆም፣ ሲፈለግ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ቤት ነው። ሰሌኑ ቀለም አያስፈልገውም። ነፋሱ በሽመናው መካከል ያልፋል፤ ብርሃኑም ተወንፍቶ ይገባል። በእኩለ ቀን አንድ ዳቦይታ ውስጥ ተቀምጦ ወተት የጠጣ ሰው ከዚያ ወጥቶ ብሎኬት ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ሥልጣኔ የምንለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ምን ያህል ላብ እንደሚያስከፍለን ይገባዋል።

ጣራውን ነጭ አስቀባነው። በዚህ በኩል ክርክር አልነበረም። ቀለም ሙቀትን የማያበርድ ከሆነ ታዲያ ለምን ትጨነቃለህ ይለኝ ይሆናል አንባቢ። የምጨነቀው እናቴ በዚያ ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ በምድር መንቀጥቀጡ ምክንያትም ሌሊት ሌሊት ነቅታ ግድግዳውን የምትመለከት ሴት ሆናለች። የምታየው ነገር ምን እንዲሆን እንደምፈልግ ማወቅ ነበረብኝ።

በተውኔት ሙያ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ወደ ሰማያዊው ይጎትቱኝ ነበር። በመድረክ ላይ ሌሊት የሚሠራው በሰማያዊ መብራት ነው። በጠይም ፊት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሲወርድ ፊቱ ጥልቀት ያገኛል፣ ጉንጩ ይቀረጻል፣ ዓይኑ ይጎላል። አረንጓዴ ብርሃን ሲወርድበት ግን ተዋናዩ በሽተኛ ይመስላል፤ ከታች ወደ ላይ ሲበራበት ደግሞ ሬሳ። ዳይሬክተሮች ለመናፍስትና ለነፍሰ ገዳይ የሚጠብቁት ቀለም ነው። የተቀባ ግድግዳ የመድረክ መብራት አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ሆኖም በጠባብ ክፍል ውስጥ በመስኮት የገባ ብርሃን ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ጥቂት ቀለም ይዞ ይመጣል፤ በዚያም ብርሃን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ፊት ይታያል። እናቴን በአረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ተኝታ ማየት አልፈለግሁም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የአፋር ሽማግሌ ግን ናሙናዎቹን ሊያዩ ገብተው፣ በትራቸውን ተደግፈው ሰማያዊውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱና «ደመና የሌለበትን ሰማይ ቤት ውስጥ ልታስገባው ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለአርብቶ አደር ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ የምሥራች አይደለም። ዓመቱን ካርማ፣ ሱጉም፣ ዳዳ እያለ በዝናብ የሚቆጥር ሕዝብ የሚያምርበት ሰማይ ጥቁር ደመና ያዘለው ነው። የደጋው ሰው «ብራ ሆነ» ሲል እፎይ ይላል፤ የቆላው ሰው ብራው ሲበዛበት ከብቶቹን ይቆጥራል።

እንኪያስ አረንጓዴው ይሻል ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ውጭ በበትራቸው አመለከቱ። በበጋው ልብ፣ ግራሩ ሁሉ ጠውልጎ ሳለ፣ ለምልሞ የቆመው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ነበር። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር መጥቶ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለው ይህ እሾሃም ዛፍ ዛሬ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሯል። ሣር ከሥሩ አይበቅልም፤ እሾሁ የሰውና የከብት እግር ይወጋል፤ ፍሬውን አብዝቶ የበላ ከብትም ይታመማል። ሌላው የሸለቆው ልምላሜ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በወንዙ ዳር፣ በድርቅ ጊዜ መንጋው ይሸሽበት በነበረው መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። ደገኛው ሐመልማል ብሎ የሚዘምርለትን ቀለም እኒህ ሰው እንደ ባዕድ ነው የሚያዩት።

ከዚያ በኋላ የአካባቢውን ቀለማት ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ፍልውሃ፣ በዘንባባ ተከብቦ፣ ጠርሙስ የመሰለ ጥርት ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ኩሬ ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው ጥርሱን የሚያንገጫግጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይመስለዋል፤ እጁን የነከረ ግን ቶሎ ይመልሳል። ወደ ምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህ ጨዋማ ውሃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገዱንና የአባቴን ሐዲድ አጥለቅልቆ፣ መንገዱ እየተደጋገመ ከፍ እንዲል አስገድዷል። አባቴ በሕይወት ሳለ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ሰማያዊውን ውሃ በቁጣ ይመለከተው ነበር። ሰማይ ላይም ቢሆን ከዋክብትን የሚያጠኑ ሰዎች ሰማያዊዎቹ ከቀዮቹ እጅግ የበለጠ እንደሚግሉ ይነግሩናል። በጋዝ ምድጃችን ላይ ያለው ሰማያዊ ነበልባልም ይህንኑ ይመሰክራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ቀለም የሚለውን ቃል አዋሽ ላይ ሳለሁ መጠቀም አቆምኩ።

ከአዋሽ ወደ ሐረር የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያመጣብኛል። በጀጎል ቅጥር ውስጥ ያሉ የሐረር ቤቶች ውጫቸው፣ በጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ፣ በኖራ ነጭ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ይቀባል። ውስጡ ግን የመቀመጫ መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። እዚያ ቀለም የሚመረጠው ለሚያስታውሰው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድኩ ምርጫው አስቀድሞ ያለቀ መሰለኝ፤ ሰማያዊው የእናቴ የሙሽርነት ግድግዳ ነው፣ በገዛ እጇ በጥብጣ የቀባችው። አረንጓዴው የመሥሪያ ቤት ነው። ሰማያዊ ይሁን አልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ይዤ ከናሙናዎቹ ፊት አቆምኳት። እስከዚያ ድረስ «አንተ እንደ ወደድህ» ትለኝ ነበር። «የትኛው ይሻልሻል?» አልኳት። ቀረብ ብላ፣ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ ተመለከተች።

«ሁለት ናቸው እንዴ?» አለች።

በዕድሜ ብዛት የዓይን ሌንስ እየበጨ ይሄዳል። ብጫ መስተዋት ሰማያዊ ብርሃንን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ ይህም ሰማያዊውን ያጠወልገዋል፤ ሰማያዊና አረንጓዴም አንድ መስለው ይታያሉ። ሞራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ሞራ በያዘው ዘመን ሥዕሎቹ ወደ ቀይና ቡናማ አዘንብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ዓይኑ ከተቀደደ በኋላ ሰማያዊው ተመልሶ ሲመጣበት ተገርሞ ነበር። እናቴ ሞራዋን እንድታስወጣ ካልናት ሦስት ዓመት ሆነ። «በሚያየው ዓይኔ ምን አጠፋሁ» ትላለች።

ቀለም ቀቢው ነገሩ ገብቶት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ለእርስዎ የትኛው ብሩህ ሆኖ ይታይዎታል?» አላት። ይህ ሰው ከእኔ ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። እናቴ ያለ ማመንታት በጣቷ አረንጓዴውን ነካች። «ይኸኛው ፀሐይ አለው። ያኛው አመድ ነው» አለች። አመድ ያለችው የልጅነት ሰማያዊዬን ነው።

ከዚያም ያላሰብኩትን ነገር ጨመረች። «ስንጥቁ በየትኛው ላይ ይታያል?»

ቀለም ቀቢው ፈጠን ብሎ አጽናናት፤ «አይስጉ እማማ፣ ስቱኮ ገብቶበታል፣ ሁለት እጅ ይቀባል፣ ምንም አይታይም»።

«አይሆንም ልጄ» አለችው። «እንዲታይ ነው የምፈልገው። እንደገና ከተከፈተ አይቼው እንድወጣ። ያን ጊዜ ክሬሙ ግድግዳ ተቆሽሾ ስለነበር ቀጭን ሆኖ ሲጀምር አላየሁትም፤ ልጄ መጥታ ባትወስደኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እኔ የተጨነቅሁት የምታየው ነገር እንዲያሳርፋት ነበር። እርሷ የፈለገችው የሚያስጠነቅቃትን ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ጎተ፣ ስለ ሐረርና ስለ መድረክ መብራት የሚወራ ነገር አልቀረም። ጸጉር የምታህል ስንጥቅ በሚያበራ ግድግዳ ላይ እንደ ጥላ ትለያለች፤ በደበዘዘ ግድግዳ ላይ ትሰወራለች። ለእናቴ ዓይን የሚያበራው አረንጓዴው ነው። የዘይት ቀለምም አይሆንም። ስለዚህ የማያብረቀርቅ፣ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ከናሙናውም ግማሽ ያህል የፈዘዘ ውሃ አረንጓዴ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለት ጋሎን በቃን።

ግንበኛው ደግሞ ወሬውን ሰምቶ መጣና ከድሮ የሙያው አባቶች የወረሰውን ዘዴ ነገረን። የተጠገነው ስንጥቅ በሚያልፍበት ሁለት ቦታ ላይ፣ ከላይና ከመካከል፣ ስንጥቁን አቋርጦ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀጭን የጀሶ ቁራጭ ይለጠፋል። ጀሶ አይለጠጥም፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ጥቂት እንኳ ከተላወሰ ቀድሞ የሚሰበረው እርሱ ነው። ቀለም ቀቢው አራቱን ግድግዳ ጨርሶ ሲቀባ ሁለቱን ጀሶ ብቻ በነጭነታቸው ተዋቸው። እናቴ ከመሳቢያዋ የአባቴን እርሳስ አውጥታ ሰጠችኝና በየአንዳንዱ ላይ ቀኑን አስጻፈችኝ፤ ጎላ አድርገህ ጻፈው አለችኝ። የታችኛው ከአልጋዋ ራስጌ ትይዩ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍታ መጀመሪያ በዓይኗ፣ ቀጥሎ በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቡናዋን ትቆላለች።